አሸዋና ችኮላ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው፣ ለማጀት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ተረቱ ለመንግሥት ሠራተኛም፣ ለመኪናም፣ ለአሸዋም የተነገረ መሆኑን የተረዳሁት ግን በሃያ ሰባት ዓመቴ፣ በአንድ ደረቅ ወንዝ መካከል ቆሜ ነው። የራስን ጥፋት በአደባባይ መናገር ደስ የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቹ እንደ እኔው በሥራ ጉዳይ ሲወጡና ሲወርዱ የሚኖሩ ሹማምንትና መምህራን፣ እንዲሁም ነገ በእኛ ቦታ የሚተኩ ተማሪዎች ስለ ሆኑ፣ የደረሰብኝን እንዳለ ብጽፈው ለአንድ ሰው እንኳ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በደቡብ ኦሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን ለሕፃናት የሚሰጥ የኩፍኝ ክትባት ወደ አንድ ሩቅ የሐመር ቀበሌ እንዳደርስ ታዘዝሁ። ክትባት እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተጠበቀ ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ በበረዶ በተሞላ ሣጥን አሽገው ሲያስረክቡኝ፣ «በረዶው ከነገ ማታ አያልፍም፤ እናቶቹም ነገ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ይህን አደራ ስቀበል ራሴን እንደ ትልቅ ሹም ቈጥሬ ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

መኪናው በአገራችን ገጠር ሁሉ የሚታወቀው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ሾፌሩ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ወደ ኦጋዴን እህል በካሚዮን ሲያመላልሱ እንደ ኖሩ ከሌሎች ሰምቻለሁ። እኔ ግን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአቸው አላውቅም። «ጋሼ» ብሎ መጥራት በዕድሜያቸው የሚገባ ሲሆን፣ ሹመቴ የሚቀንስ ስለ መሰለኝ «ሾፌር» እያልሁ ነበር የምጠራቸው። እርሳቸውም «አለቃ» ይሉኝ ነበር።

ከጂንካ ተነሥተን በቀይ አፈር በኩል አልፈን፣ ዲመካ ስንደርስ ምሳ በላን። ከዚያ በኋላ ዋናውን መንገድ ትተን፣ በግራርና በእሾህ ቍጥቋጦ መካከል በተሠራ ጠባብ መንገድ ወደ ቆላው ወረድን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ደረስን። ልንደርስበት የሚገባን ጤና ኬላ ከወንዙ ማዶ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር።

በዚያ አገር ወንዝ ማለት ሁልጊዜ የሚፈስ ውሃ ማለት አይደለም። ዝናም ሲዘንብ ለጥቂት ሰዓት ይሞላል፤ ከዚያም ውሃው ይሰርግና ነጭ አሸዋ ብቻ ይቀራል። ይሁን እንጂ ውሃው ፈጽሞ አይጠፋም፤ ከአሸዋው በታች ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህም የሐመር ሴቶች አሸዋውን እየጫሩ ጕድጓድ ይቈፍሩና የሚያመነጨውን ውሃ በቅል ይቀዳሉ። እኛም በደረስን ጊዜ አምስት ስድስት ሴቶች ከነልጆቻቸው በወንዙ መካከል ተንበርክከው ውሃ ይቀዱ ነበር። በዳር በኩል ደግሞ ፍየል የሚጠብቁ ጐረምሶች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ተማሪ ስለ ሆነ አማርኛ ያውቃል።

የወንዙ ወርድ ወደ መቶ እርምጃ ይሆናል። ሾፌሩ ከአሸዋው ዳር መኪናውን አቆሙና፣ «አለቃ፣ ትንሽ እንቁም። የፊቱን ጎማዎች ልቈልፍ፤ የአራቱንም ጎማ አየር ልቀንስ። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም» አሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ይገባኛል። እንዲህ ያለ መኪና ምንም እንኳ አራቱም ጎማዎች እንዲነዱ ሆኖ ቢሠራ፣ በተለመደው መንገድ የሚነዱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። የፊቶቹም እንዲያግዙ ሲፈለግ ሾፌሩ ወርዶ በጎማዎቹ መካከል ያለውን መቈለፊያ በእጁ ማዞር፣ ከዚያም አጭሩን የማርሽ ዘንግ ማስገባት አለበት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው የንብረት መዝገብ ነው።

«ሾፌር፣» አልሁ፣ «ጎማ የመንግሥት ንብረት ነው። አየር በጐደለው ጎማ መንዳት ጎማን እንደሚያበላሽ እርስዎም ያውቃሉ። ሰዓቱም መሽቷል። ይልቅ ዝም ብለው ይንዱ።»

«መንፊያ ይዣለሁ፤ በኋላ እነፋዋለሁ» አሉ በዝግታ።

«ይንዱ አልሁ እኮ!»

ሽማግሌው ፊቴን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱና ማርሽ አስገቡ። እስከ ሠላሳ እርምጃ ያህል መኪናው ደኅና ሄደ፤ እኔም በልቤ «አላልሁም?» እያልሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ደከመ በሬ ቀስ አለ። ሾፌሩ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሡ። እኔ ግን «ይርገጡት! ይርገጡት እንጂ!» ብዬ ጮኽሁ። ረገጡት። ሞተሩ አጓራ፤ የኋላ ጎማዎቹ አሸዋውን እንደ ውሃ ወደ ኋላ ረጩት፤ መኪናውም ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ በጀርባው ቍጢጥ አለ።

ዛሬ ሳስበው፣ እዚያው ላይ ትቼው ቢሆን ጕዳቱ ትንሽ ነበር። ነገር ግን ሹም ሲሳሳት ስሕተቱን በሌላ ትእዛዝ ለመሸፈን ይፈጥናል። እንደ ገና አስረገጥኋቸው። የእንጨት ቅርንጫፍ ከጎማው በታች አስገብቼ ሦስተኛ ጊዜ አስሞከርሁ። ቅርንጫፉ ከጎማው በታች ተፈናጥሮ ወጣ፤ ጎማዎቹም እስከ ግማሻቸው ሰጠሙ። በመጨረሻም የመኪናው ሆድ አሸዋው ላይ ተኛ። ሆዱ ከተኛ በኋላ ክብደቱን የተሸከመው አሸዋው ስለ ሆነ፣ ጎማዎቹ በጕድጓዳቸው ውስጥ ያለ ሥራ ይዞራሉ። ያን ጊዜ አፌን ሞልቼ፣ «እርስዎ መንዳት ባለማወቅዎ የክትባቱ ነገር ቀረ። ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት አደርጋለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ምንም አልመለሱልኝም፤ ዐይናቸው ወደ ሌላ ቦታ ነበር።

የሚመለከቱት ሴቶቹን ነው። ሴቶቹ ቅላቸው ሳይሞላ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ከወንዙ ይወጡ ነበር። ወደ ተራራው ቀና ብል፣ በእኛ ላይ ፀሓይ እየከረረች ሳለ በዚያ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቍሯል። ተማሪው ልጅ ከዳር ሆኖ፣ «ወንዙ እየመጣ ነው ይላሉ!» ብሎ ጮኸ።

በእኛ አገር ወንዝ ይሞላል እንጂ ይመጣል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቃሉ ግን ወዲያው ገባኝ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋ በሌሊት ጐርፍ ተመትታ ከ200 በላይ ሰው ማለቁን፣ በዚያው ክረምት በነሐሴ ወርም የኦሞ ወንዝ ከዳሩ ወጥቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰው መውሰዱን ተማሪ ሳለሁ በራዲዮ ሰምቻለሁ። ድሬዳዋን የመታው ወንዝ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው። እኔም የቆምሁት እንደዚያው ባለ አሸዋ መካከል ነበር። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

«ጋሼ፣ ምን እናድርግ?» አልሁ። «ጋሼ» ማለቴንም ያወቅሁት ካልሁት በኋላ ነው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ሣጥኑን አውጣ። ክትባቱንና ራሳችንን ካዳንን መኪናው ቢቀር ብረት ነው። ከዚያ ጊዜ ከተረፈን እንሞክራለን። ጐርፉ ሲመጣ ድምፁ ይቀድማል፤ ድምፁን የሰማህ እንደ ሆነ አካፋውን ጥለህ ሩጥ።»

ሣጥኑን ተሸክሜ ወደ መጣንበት ዳር አወጣሁና ከግራር ጥላ ሥር አስቀመጥሁት። ስመለስ ጐረምሶቹ ሳይጠሩ መጥተው የቀረውን ዕቃ ያወርዱ ነበር። አንዱን ልጅ ዳር ላይ ዘብ አቆምነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍተው፣ የፊት ጎማዎቹን መቈለፊያ በእጃቸው አዙረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን በተራ እጽፋለሁ፤ ለሚቸገር ሰው ይጠቅማልና። በመጀመሪያ ከመኪናው ሆድ በታች ያለውን አሸዋ አስጠረጉ፤ ሆዱ ካልተነሣ ጎማ ምንም እንደማይረባ ነገሩኝ። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ እንድንወጣ ወሰኑ፤ ምክንያቱም የመጣንበት ዱካ ተጠቅጥቋል፣ የፊተኛው ግን ያልተረገጠ ነው። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጎማ በስተኋላ አሸዋው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንዳይቀር ሸርተቴ መሳይ መንገድ አስቈፈሩን። አካፋው አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሌሎቻችን በእጃችን ጫርን። አራተኛ፣ ክሪኩ ራሱ በአሸዋው ውስጥ እንዳይሰጥም ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርገው የኋላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አነሡና፣ ጕድጓዱን አሸዋ ሞልተው ከላዩ የራሳቸውን መኝታ ምንጣፍ አነጠፉበት። አምስተኛ፣ ከኪሳቸው ትንሽ የግፊት መለኪያ አውጥተው ሰጡኝና፣ «ሦስት ኪሎ የነበረውን አንድ ኪሎ እስኪሆን ድረስ አስተንፍስ» አሉኝ።

ያ ከሁለት ሰዓት በፊት በመንግሥት ንብረት ስም የከለከልሁት ሥራ ለእኔው ለራሴ ደረሰኝ። ከጎማው አጠገብ ተንበርክኬ አየሩ እየጮኸ ሲወጣ፣ የፊዚክስ መምህራችን በጥቍር ሰሌዳ ላይ የጻፉልን ትዝ አለኝ፤ ግፊት ማለት ክብደት ለስፋት ሲካፈል ነው ብለውን ነበር። በፈተና ላይም በትክክል መልሼዋለሁ። መኪናው ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ቢሆን ለእያንዳንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይደርሰዋል። በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በካሬ ሴንቲሜትር ሦስት ኪሎ ከሆነ፣ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል 250 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለት ከአንድ የደብተር ገጽ ያነሰ ነው። ግፊቱ ወደ አንድ ኪሎ ሲወርድ ግን ስፋቱ ወደ 750 ከፍ ይላል። ሾፌሩ ይህን ሒሳብ በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ በሚገባ ያውቁታል። «ፈረስ በአሸዋ ላይ ይሰጥማል፤ ግመል አይሰጥምም። እኛ አሁን የምንሠራው የጎማውን ኮቴ የግመል እግር ማድረግ ነው» አሉኝ። በውነትም ጎማው ሲተነፍስ ወደ ጐን ጥቂት፣ ወደ ርዝመቱ ግን ብዙ ተዘርግቶ በአሸዋው ላይ ተኛ።

ሁሉም ሲፈጸም ሾፌሩ ገቡ። «እኔ እግሬን በቀስታ ሳነሣ ግፉ። ጎማው በከንቱ ሲዞር ካያችሁ ጩኹልኝ፤ ወዲያው አቆማለሁ» ብለው አዘዙ። በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሳያጓራ፣ እያጕረመረመ ብቻ መግፋት ጀመረ። ጐረምሶቹና እኔ ከፊት ሆነን ገፋን። መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ምንጣፉን ተሻገረ። ከዚያም በራሱ ዱካ ላይ እንደ ዔሊ እየተጐተተ፣ ሳይቆም፣ መሪው ሳይጠመዘዝ፣ እስከ ዳሩ ደረሰ። እኛም እየሮጥን ተከተልነው።

ሩብ ሰዓት ያህል እንኳ አልቆየንም። በመጀመሪያ የሰማነው ድምፅ ካሚዮን ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማ ይመስል ነበር። ቀጥሎም ከወንዙ ማጠፊያ አረፋ፣ ጭራሮና የተነቀለ ቍጥቋጦ የሚገፋ ቀይ ውሃ ብቅ አለ። ቁመቱ ሲመጣ ከጕልበት አይበልጥም ነበር፤ ለጥቂት ደቂቃ ከተመለከትነው በኋላ ግን መኪናው ቆሞበት የነበረው ስፍራ የት እንደ ሆነ ማወቅ አልተቻለም። የሾፌሩን ምንጣፍ ውሃው ወሰደው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡና፣ ምንም ነገር ሳይናገሩ የእግር መንፊያውን አውጥተው ጎማዎቹን መንፋት ጀመሩ። አየር የጐደለው ጎማ ለአሸዋ እንጂ ለደረቅ መንገድ አይሆንም፤ ይሞቅና ይፈነዳል። የእኔ ሥጋት ሐሰት አልነበረም፤ ያለ ስፍራው የተነገረ እውነት ነበር። መንፊያውን ተቀብያቸው እየተፈራረቅን እስኪመሽ ድረስ ነፋን።

ያን ሌሊት በወንዙ ዳር አደርን። የጕዞውን መግለጫ ወረቀት አውጥቼ በባትሪ ብርሃን መሙላት ጀመርሁ። «የመዘግየቱ ምክንያት» ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «በሾፌሩ የጥንቃቄ ጕድለት» ብዬ ብጽፍ የሚጠራጠረኝ ሰው አልነበረም፤ የእኔ ቃል ከሾፌር ቃል ይልቅ እንደሚታመን አውቃለሁ። እርሳቸውም እንዲህ ያለው ነገር አዲሳቸው ስላልሆነ አይከራከሩም ነበር። ነገር ግን ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው መዝገብ ላይ የሚገባው የእኔ ጥፋት ነው። ምንጣፍ አልባ ሆነው ነጠላቸውን ብቻ ተከናንበው በመኪናው አጠገብ ተኝተው አየኋቸው። እንዲህ ብዬም ጻፍሁ፤ «ሾፌሩ ወደ አሸዋው ከመግባታቸው በፊት ለመዘጋጀት ፈቃድ ጠይቀው፣ እኔ ስለ ከለከልኋቸው የደረሰ ነው። መኪናውና ጭነቱ የዳኑት በእርሳቸው ብልኀት ነው። የምንጣፋቸውም ዋጋ ይከፈላቸው ዘንድ አመለክታለሁ።» ለዚህ ጽሑፍ በኋላ ከአለቃዬ ብርቱ ተግሣጽ ደርሶብኛል። ምንጣፉም በመንግሥት ሒሳብ ሊከፈል አይቻልም ስለ ተባለ እኔው ገዛሁላቸው።

ሲነጋ ውሃው ከቍርጭምጭሚት በታች ሆኖ ነበር። ሾፌሩ በዱላ እየወጉ መረመሩትና፣ ጐርፉ አዲስ ያመጣው አሸዋ ገና አልረጋም ብለው መኪናውን ለማሻገር እንቢ አሉ። እኔም ያን ጊዜ አልተከራከርሁም። ጐረምሶቹ ሣጥኑን በየተራ ተሸክመውልን በእግር ተሻገርን። ጤና ኬላው ስንደርስ እናቶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ በሣጥኑም ውስጥ በረዶው ገና ነበረ። ከእናቶቹ አንዷ እኔን ስታይ ለጎረቤቷ አንድ ነገር ተናገረችና ሁሉም ሣቁ። ተማሪውን ልጅ ምን አለች ብለው፣ «ትናንት በወንዙ ውስጥ ሲጮኽ የነበረው ሰውዬ ይኸ ነው አለች» ብሎ ተረጐመልኝ። እኔም አብሬአቸው ሣቅሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራልፍ ባግኖልድ ስለሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን አነበብሁ። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በቀላል አውቶሞቢል የሊቢያን በረሓ ያቋረጠ ነው። መኪናው በአሸዋ ሲያዝበት የጎማውን አየር ይቀንስ፣ ከጎማውም በታች ብረትና የገመድ መሰላል ያነጥፍ ነበር። ስለ አሸዋ ጠባይ በ1941 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ያሳተመው መጽሐፍም በሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይህን ሳነብ የሾፌራችን ምንጣፍና ጣውላ ትዝ አሉኝ። ጥበብ በመጽሐፍም፣ በሸበተ ጢም ውስጥም ትገኛለች፤ በመጽሐፍ ያለችውን ለማግኘት ማንበብ፣ በሰው ዘንድ ያለችውን ለማግኘት ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ አሸዋ ይህን ያህል ካልሁ፣ ስለ ሥራችንም ጥቂት ልጨምር። በመሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ጉዳይ አልሄድ ሲል የብዙዎቻችን ልማድ «ይርገጡት!» ማለት ነው። ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ፣ ቍጣ በቍጣ ላይ እንጨምራለን። ኀይል ግን የሚረግጠው ነገር ካላገኘ የሚቈፍረው የገዛ ጕድጓዱን ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ በታች የተመደበ ሠራተኛ «ትንሽ እንቁም» ሲለኝ፣ ከመልሴ በፊት «ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ማድረግ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።